ቡፌ ላይ የሚያረጅ ወይን

ባሕር ዳር ላይ ደህና ሳሎን የሚባለው ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ባለመስታወት ቡፌ ሲኖረው ነው። ቡፌው ውስጥ ደግሞ አንድ የማይጠጣ ወይን አለ። ለቤት ምርቃት የመጣ ይሆናል፣ ለልጅ ልደት፣ ወይም ከውጭ የገባ ዘመድ በሻንጣው ያመጣው። አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለት፣ በግራው የሠርግ ፎቶ፣ በቀኙ ቡና ተቀድቶባቸው የማያውቁ ስድስት ሲኒዎች ያጅቡታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። እንግዳ ሲመጣ አባወራው በጣቱ ጠቆም ያደርግና «እሱ እንኳ ለትልቅ ቀን ነው» ይላል። ትልቁ ቀን ይመጣል፤ ቢራ ይጠጣል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት «ወይን ሲቆይ ይጥማል» የሚባለው ነገር ነው። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ወይን አብዛኛው ግን በዓመት፣ በሁለት ዓመት፣ ግፋ ቢል በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ሲቆይ የሚሻሻለው ጥቂቱ ነው፤ አሲዱ፣ ታኒኑ (ከፍሬው ልጣጭ የሚወጣው፣ አፍ የሚያደርቀው ነገር) ወይም ስኳሩ ጠንከር ያለው። እሱም ቢሆን የሚቆየው ጨለማ ቦታ፣ ተጋድሞ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሳሎን በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ለባሕር ዳር ሰው አይነገርም። ቡፌው መስታወት ነውና ብርሃን እንደ ልቡ ይገባል። ጠርሙሱ ቆሟልና ቡሹ ከወይኑ ጋር አይነካካም፤ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አየር ያስገባል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር የወይን ሦስት ጠላቶች ናቸው። እኛ ሦስቱንም ሰብስበን ጌጥ አደረግናቸው።

ዓመቱም ያሳስታል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ሲሆን አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። 2016 የሚል ያየ ሰው «ይሄማ ትናንትና ነው» ብሎ ደስ እያለው ይገዛል። በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ወይን የተለቀመው በ2008 ገደማ ነው፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ማባዛትና ማካፈል ይችላል። ርካሽ ነጭ ወይን ሲሆን በተለይ ስምንት ቀንሶ ማሰብ የመጀመሪያው የገበያ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ለማሳያ መስኮቱ ላይ የቆመውን ትቶ ከጓዳ፣ ከካርቶን ውስጥ አውጡልኝ ማለት ነው። ሻጩ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ ያጥቁር። ከውጭ የሚመጣው ጠርሙስ ከጅቡቲ ተነስቶ የአፋርን ሙቀት አልፎ ነው አዲስ አበባ የሚገባው፤ ከዚያ ደግሞ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚህ ይደርሳል። መንገድ ላይ ከተቀቀለ ምልክት አለው። ሙቀት ወይኑን ሲያፋፋው ቡሹ ወደ ላይ ይገፋል፤ አናቱ በጣት ሲዳሰስ ካበጠ፣ አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ከተንጠባጠበ፣ መልሶ መስጠት ነው። ተከፍቶ ሲቀመስ የፍሬ ሳይሆን የተቀቀለ ዘቢብ ጠረን ካለው፣ ነጩም ወደ ቡናማ ካደላ፣ ያው ነው። የጠርሙስ ክዳን ንቀታችንም እዚህ ላይ ቢቀር ደግ ነው። «እንደ ዘይት የሚጠመዘዝ» እያልን የምናጣጥለው ክዳን አይደርቅም፣ አይሸትም፣ መክፈቻም አይፈልግም። ኒውዚላንዶች ደህና ደህና ወይናቸውን ሳይቀር በሱ ነው የሚያሽጉት።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ገዢ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ «የት አገር ነው?» እና «ስንት ነው?»። ከዚያ አውራ ጣቱን ከጠርሙሱ ሥር ወደ እምብርቱ ሰዶ ጥልቀቱን ይለካል፤ እምብርቱ የጠለቀ ወይን ጥሩ ነው ተብሎ ተወርቷላ! እምብርትና ጥራት ዝምድና የላቸውም። ክብደትም እንደዚያው ነው፤ ተራው ባዶ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲመዝን አንዳንዱ ኪሎ ይጠጋል፤ ያ ሁሉ መስታወት የመርከብና የመኪና ኪራይ ተከፍሎበታል። በዚያ ላይ ቀረጡ፣ ኤክሳይዙ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ የነጋዴው ትርፍ። ዋጋውን ቁጥር አድርጎ መጻፍ ትርፉ ትዝብት ነው፤ በሳምንቱ ይቀየራል። የማይቀየረው ነገር ግን ወይኑ ራሱ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ ትንሿን ድርሻ መያዙ ነው።

ሳይጠየቅ የሚቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ድራይ ነው ወይስ ጣፋጭ? በአውሮፓ መለያ ድራይ ማለት በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ያለው ነው፤ አሲዱ ከፍ ካለ እስከ 9 ይፈቀዳል። ሚዲየም ስዊት የሚባለው ከ12 እስከ 45 ግራም ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ስዊት ነው። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ የኖረ ምላስ ድራይ ሲቀርብለት «ይሄ ነገር ኮምጥጧል» ቢል ጥፋቱ የምላሱም የወይኑም አይደለም፤ የአስተዋዋቂው ነው። ወይን ለሚጀምር ሰው ሚዲየም ስዊት መስጠት ነውር የለበትም። ነውሩ ሲጠጣ እየጨፈገገ «አቤት አጣጣም!» ማለቱ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ኪስ የማይጎዳው ምርጫ ከቅርብ ይጀምራል። ከአዋሽ ፋብሪካ ጉደር ቀይና ድራይ ነው፤ አክሱማይት ጣፋጭ ነው። ከባቱ፣ የድሮው ዝዋይ፣ ካስትል የሚያወጣቸው ሪፍት ቫሊና አካሺያ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ የገቡ ናቸው፤ አካሺያ ለስላሳና ጣፈጥ ያለው ወገን ሲሆን ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን ወይም ሻርዶኔ ተብሎ በፍሬው ስም ይሸጣል። የባቱ እርሻ ዙሪያውን ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ቦይ ተቆፍሮለታል። የጣና ዳር ገበሬ ይህን ሲሰማ አይገረምም፤ ጉማሬ ማሳ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ለማንኛውም እነዚህ ጠርሙሶች ባሕርም የአፋርን ሙቀትም ስላላቋረጡ በተመሳሳይ ገንዘብ ከውጭው ይልቅ ትኩስ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ከውጭ ይሁን ከተባለ ሕጉ አንድ ነው፦ ስመ ጥር መንደር ስሙን ያስከፍላል። ከፈረንሳይ ቦርዶ የሚል ከማየት ይልቅ ኮት ዱ ሮን ወይም ላንግዶክ የሚል መፈለግ። ከቺሊ ካርሜኔር አለ፤ ይህ ምስኪን ፍሬ ከመቶ ዓመት በላይ ሜርሎ እየተባለ በሰው ስም ሲጠራ ኖሮ ማንነቱ የታወቀው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ከአርጀንቲና ማልቤክ፣ ለጥብስ። ከደቡብ አፍሪካ ሺኒን ብላን፣ ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ለዓሣ የተፈጠረ። ከፖርቹጋል ቪኞ ቬርዴ፣ አልኮሉ ቀለል ያለ፤ ባመቱ ካልተጠጣ ዋጋ የለውም። ከስፔን ሪዮሃ ደግሞ ለቡፌ ወዳዶች ልዩ ምክር ነው። «ክሪያንሳ» ካለው ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ቀዩ «ሬዘርቫ» ካለው ሦስት፣ «ግራን ሬዘርቫ» ካለው አምስት ዓመት ፋብሪካው ራሱ፣ በሕግ ተገዶ፣ ጨለማ ውስጥ አቆይቶታል። ማስቆየቱን እነሱ ጨርሰውልናል፤ ለኛ የተረፈን መጠጣቱ ብቻ ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን «ሪዘርቭ» የሚለው ቃል እንደ ሪባኑ ነው፤ ማንም ያስራል።

ጣና ዳር ተቀምጦ ቆሮሶ ጥብስ ያዘዘ ሰው ቀይ ወይን ሲያስመጣ ማየት ያሳዝናል። ዓሣው ይመጣል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ቀዩ ይከተላል፤ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይቀራል። ሰውየው ዓሣው አድሯል ብሎ ከአስተናጋጁ ጋር ይጣላል። ዓሣው ጠዋት የተያዘ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ጥፋተኛው ቀይ ወይን ውስጥ የሚበዛው ብረት ነው፤ ከባሕር ምግብ ጋር ሲገናኝ የዓሣ ሽታ ያስነሳል። አሲድ ያለው ነጭ ድራይ ግን የሎሚውን ሥራ ይሠራል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ አይፈታም።) ዶሮ ወጥ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በርበሬ በአልኮልና በታኒን ላይ ሲያርፍ ይበልጥ ይለበልባል፤ 14.5 በመቶ ያለው ድራይ ቀይ በዶሮ ወጥ ላይ እሳት ላይ ጋዝ ነው። ለወጥ ሚዲየም ስዊት፣ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ። አያቶቻችን ወጥን በጠጅ ያወራረዱት ያለ ነገር አልነበረም።

ቀዝቀዝ ሲባል ቀዩንም ይጨምራል። «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የማን ክፍል እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ክፍሉ የድሮ አውሮፓዊ የድንጋይ ቤት ነው፤ 16፣ 17 ዲግሪ። 28 ዲግሪ ላይ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ ይተንናል፤ ጠጪውም «ይሄ አረቄ ነው እንዴ?» ይላል። ፍሪጅ ውስጥ ለቀዩ አንድ ሰዓት፣ ለነጩ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል። መብራት ከጠፋ ወይም እንግዳው ደጅ ከደረሰ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውኃ፣ አንድ እፍኝ ጨው። ነጩ በ20 ደቂቃ፣ ቀዩ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ውኃው መርሳት የለበትም፤ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው።

ምግብ ቤት ደግሞ የራሱ ድራማ አለው። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከፍቶ ለአንዱ ጠብታ ይቀዳለታል። ገበታው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሰውየው ብርጭቆውን ያዞራል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ልክ ብያኔ እንደሚሰጥ ዳኛ ራሱን ይነቀንቃል። የሚጠየቀው ግን «ወደዱት ወይ?» አይደለም፤ «ተበላሽቷል ወይ?» ነው። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ኮምጣጤ ከሸተተ አየር ገብቶበታል። ሁለቱም ከሌሉ «ይቀዳ» ማለት ነው፤ አምስት ሰከንድ ይበቃል። ቀጥሎ መጠኑ ያጣላል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ150 ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ብርጭቆው ሲሶው ብቻ የሚሞላው ጠረኑ የሚሰበሰብበት ቦታ እንዲኖር ነው። እኛ ዘንድ ግን ጎደሎ መቅዳት ስስት ነው፤ እስከ አፉ ይሞላል፤ ጠርሙሱ በሁለት ሰው ያልቃል፤ ሦስተኛው «በሞቴ፣ እኔ ቢራ ይሻለኛል» ብሎ የባለቤቱን ገበና ይሸፍናል።

ለሠርግ ይህ ሒሳብ ቀልድ አይደለም። ከ200 እንግዳ ግማሹ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ቢጠጣ 40 ጠርሙስ፣ ማለትም ሦስት ባለ 12 ካርቶንና አራት ጠርሙስ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ለሚዜዎቹ «ሻምፓኝ» ደግሞ የሚተኮስ ሁሉ ሻምፓኝ አይደለም፤ ስሙ የፈረንሳይ አንድ አውራጃ ነው፤ ዋጋውም የአውራጃ ዋጋ ነው። የስፔን ካቫ በዚያው ዘዴ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ፈልቶ የሚሠራ ሲሆን ዋጋው ይቀላል። ውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ነቅንቆ መተኮስ የሙሽራዋን አክስት ዓይን ማነጣጠር ነው። በደንብ ይቀዝቅዝ፣ 45 ዲግሪ ያዘንብል፣ ሽቦው በስድስት ግማሽ ዙር ይፈታ፣ ቡሹ በእጅ ታፍኖ ጠርሙሱ ይዙር። ድምፁ እፍ ካለ አከፋፈቱ ሠምሯል፤ ቪዲዮ አንሺው ግን ይከፋዋል።

ጠረጴዛ ሥር ደብቀው ቀይ ወይን ከኮካ ጋር የሚቀላቅሉ ወገኖቻችንም ቀና ይበሉ። የስፔን ባስኮች ይህንኑ ግማሽ በግማሽ፣ በብዙ በረዶ ይጠጡታል፤ ካሊሞቾ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ በአደባባይ ነው። ርካሽ፣ ወጣትና ድራይ ቀይ ይመረጥለታል። ሬዘርቫ ላይ ኮካ የሚጨምር ግን ጠረጴዛ ሥር ይቆይ።

የቡፌው ጠርሙስ ነገስ? ይከፈት። ቡሹ ደርቋልና ይፈረፈራል፤ የመክፈቻው ጠመዝማዛ መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ ይግባ፣ በቀስታም ይሳብ። ከተሰበረ የቀረውን ወደ ውስጥ ገፍቶ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ነው። ዘቢብ ዘቢብ ካለ ለሥጋ ማብሰያ ይሆናል፤ ከኮመጠጠ ለሰላጣ። ሪባኑ አይጣል፤ እሑድ የጎረቤት ቤት ምርቃት አለ።