የሰሜን ኮሪያን ጦር በታንክ ብዛት ስለመመዘን

ስለ ሰሜን ኮሪያ ጦር የወጣ አንድ ጽሑፍ ጸሐፊ ይህን ጦር በታንኮቹና ከ1.2 ሚሊዮን በላይ በሚገመተው የመደበኛ ወታደር ቁጥር መዝነው እጅግ ኃያል ማለታቸው ዋናውን ጥያቄ የነካ አይመስለኝም። ከዚህ ሠራዊት ብዙው በሩዝ ተከላ ወራት ማሳ ላይ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ በግንባታ ሥራ ላይ የሚውል ሲሆን፣ የአየር ኃይሉም አብዛኛው እንደ ሚግ 21 ተዋጊ ጄት ያለ የሶቪየት ዘመን ቅሪት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ዮንፕዮንግ በተባለችው የደቡብ ኮሪያ ደሴት ላይ ሰሜን ኮሪያ ከተኮሰቻቸው 170 ገደማ የመድፍ ጥይቶች ግማሽ ያህሉ ባሕር ውስጥ መውደቃቸው፣ ደሴቲቱ ላይ ካረፉትም ሳይፈነዱ የቀሩ መኖራቸው ከየትኛውም የፒዮንግያንግ ወታደራዊ ትርዒት የበለጠ ይናገራል።

ይህን ስል ጦሩ ይናቅ ማለቴ አይደለም። ሴኡል ከድንበሩ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከተራራ ሥር በተፈለፈሉ ዋሻዎች የተጠመዱት ረጅም ርቀት ተኳሽ መድፎች ኢላማቸውን ቢስቱ እንኳ የሚያርፉት ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ላይ ነው፤ ለማስፈራራት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጥራት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ስለተካሄዱት ስድስት የኑክሌር ሙከራዎች ብዙ ስለተባለ አልመለስበትም። ይልቅ ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ከሩሲያ ጎን ሆኖ ዩክሬንን ለመውጋት ወደ ሩሲያዋ ኩርስክ ግዛት የተላከው የሰሜን ኮሪያ ጦር ጉዳይ ሰፋ ተደርጎ መታየት ነበረበት፤ ለአሥርተ ዓመታት ውጊያ ያላየ እግረኛ መጀመሪያ በድሮን ክፉኛ ቢመታም፣ ከሞት የተረፉት መኮንኖች ይዘውት የሚመለሱት ልምድ በታንክ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።