መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ዕቁቡን ጨርሱ

ጅማ ውስጥ ሥራ መልቀቅ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ዲግሪዋን ስታባዛ የታየች ልጅ፣ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ «ልትለቂ ነው አሉ» ትባላለች። ያያት ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ከተማው እየሰፋ ቢሄድም ሰዉ ይተዋወቃል። ባጃጅ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የአለቃችሁ የሚስት ወንድም ሊሆን ይችላል።

በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞረው ምክር ግን ሌላ ነው። ለማንም አትናገር፣ ዝም ብለህ ፈልግ፣ ስታገኝ ውጣ፣ ወደ ኋላ አትይ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ግን የለቀቃችኋቸው ሰዎች በሚቀጥለውም ሥራ ይጠብቋችኋል። ወይ ፈታኝ ሆነው፣ ወይ ደንበኛ ሆነው፣ አንዳንዴም አለቃ ሆነው።

ለእኔ ትልቁ የሥራ ፍለጋ ዝግጅት አሁን ያላችሁበት ቢሮ ውስጥ ነው። ሲቪ በአንድ ቅዳሜ ይጻፋል። አብረዋችሁ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ያለውን ሒሳብ ማጥራት ግን ወራት ይፈጃል። ሒሳብ ስል የገንዘቡንም፣ የሰውየውንም ነው።

ከዋስ ልጀምር። ገንዘብና ዕቃ በእጅ የሚገባበት ሥራ፣ ባንክም ይሁን ንብረት ክፍል ወይም ገንዘብ ያዥነት፣ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል» የሚል መስመር አይጠፋውም። አንዳንዱ ቀጣሪ የንግድ ፈቃድ ይቀበላል። ብዙው ግን ደመወዝተኛ ይፈልጋል። ዋሱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ አጽፎ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ነገ እናንተ ብታጎድሉ ከእሱ ኪስ ይወጣል። ዞሮ ዞሮ የሚለመነው የሥራ ባልደረባ ነው። ያውም ብዙ ጊዜ ውል ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው። ቡና ተፈልቶ ሲጠራ ሁሌ «ሥራ አለብኝ» ብሎ በሩን ዘግቶ የከረመ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ማንን አንኳክቶ ምን ሊል ነው?

ዋስ የሚጠይቅ ሥራ ልትወዳደሩ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ባልፍ ትሆነኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እምቢ ቢባልም አትቀየሙ። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ደመወዙን ለሌላ ሰው ጥንቃቄ ማስያዝ ቢከብደው አይፈረድበትም። ለአሁኑ ሥራችሁ ዋስ የሆነላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ስትለቁ ዋስትናው መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፋችሁ ስጡት። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላየሁም። የሚያደርገውን ግን ሰው አይረሳውም።

ቀጥሎ ዕቁብ። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ በደመወዝ ቀን የሚሰበሰብ ነውና ከደመወዙ ዝርዝር የወጣ ሰው ከዕቁቡም የወጣ ይመስለዋል። ዕጣው ያልወጣለት ሰው ቢለቅ የሚጎዳው ራሱን ነው። በሁለተኛው ወር በልቶ በአምስተኛው የሚለቀው ነው ጣጣው። ሰብሳቢው ስልክ ሲደውል ይዘጋል፣ ጎዶሎው በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፣ ስሙ ቡና ላይ ይነሳል። ሰውየው አምስት ዓመት በትጋት የሠራው ሁሉ ተረስቶ «ያ ዕቁብ የበላው» ይባላል። በቴሌብር ከየትም መላክ በሚቻልበት ዘመን ይህ ምን የሚሉት ነገር ነው? ከመልቀቃችሁ በፊት ከሰብሳቢው ጋር ቁጭ በሉ። ቀሪውን ወር በወር ላኩ፣ ወይም የሚተካችሁ ሰው አምጡ። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ዕዳ እንኳን ራሱ ያስታውሳችኋል፤ ክሊራንስ ወረቀቱ ላይ የእነሱ ፊርማ አለ።

የፈተናውንም ጉዳይ ላንሳው። አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ወደ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ አለበት። ሄዶ ተፈትኖ ለመመለስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ያኔ ነው አክስት የምትሞተው። እንዲህ ዓይነት ውሸት ሌላ አገር ይሠራ እንደሆን አላውቅም፣ እኛ ዘንድ ግን ባልደረባ ለቅሶ ይደርሳል። ገንዘብ አዋጥቶ፣ መኪና ለምኖ፣ «ቤታቸው በየት በኩል ነው?» ብሎ ይደውላል። እናንተ ሜክሲኮ አካባቢ የጽሑፍ ፈተና ላይ ናችሁ። የዓመት ፈቃድ ለዚህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ ላይ ሦስቱን «የግል ጉዳይ አለኝ» ብሎ መውሰድ ውሸትም አይደለም፣ ማንንም አያስለቅስም።

ታዲያ ለማን ይነገር? ለቡናው ክብ አይነገር። ጅማ ላይ የቢሮ ቡና ከሻይ ዕረፍት በላይ ነው፤ ሹመቱም ዝውውሩም ማስታወቂያው ሳይለጠፍ እዚያ ይሰማል። እዚያ የተወራ ነገር ከሦስተኛው ስኒ በፊት አለቃ ጆሮ ይገባል። በተለይ አለቃን እያሙ ሥራ መፈለግን የመሰለ ሞኝነት የለም። የምታሙት ሰው ነገ ስለ እናንተ የሚጠየቀው ሰው ነው። ማወቅ ያለባቸው ሲቪው ላይ ስማቸውን የምትጽፏቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። ከድርጅቱ ተደውሎላቸው «እንዴ፣ ሥራ እየፈለገች ነው እንዴ?» ካሉ ነገሩ አበቃ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ሪፈረንስ ሲጽፍ ትልቁን ስም ይመርጣል፤ ዲን፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የቢሮ ኃላፊ። ሰውየው ግን ፊታችሁንም በደንብ አያውቀው። ሲደወልለት «ጥሩ ልጅ ናት» ይላል፣ ከዚያ በላይ የሚለው የለውም። የቅርብ ኃላፊያችሁ ወይም ሪፖርታችሁን በየወሩ የምትቀበለዋ የፋይናንስ ሠራተኛ ግን የምትናገረው አላት። «አንድ ቀን አላዘገየችብኝም» የሚል ምስክርነት ከዲን ሰላምታ ይበልጣል።

ይህ ምስክርነት መቼ እንደሚጀምር የሚያሳይ ጥሩ ነገር እዚሁ ከተማ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱን ይዞ ነው የመጣው። የጤና ተማሪዎቹ ሊመረቁ ሲሉ ከተለያየ ሙያ ተቀላቅለው በቡድን ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ ቲቲፒ ይሉታል። አብረው ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ተረኛነቱን ማን እንደጠበቀ፣ ዓርብ በደረሰ ቁጥር ማን ወደ ከተማ እንደሸሸ ቡድኑ ያውቃል። ከዓመታት በኋላ አንዱ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ሌላኛው ሊቀጠር ሲመጣ፣ የተማሪ ቤቱ ውጤት የማይነግረውን ነገር ኃላፊው አስቀድሞ ያውቀዋል።

«ይሄ እኮ ያው ሰው ካለህ ትገባለህ ማለት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ቁጣው ይገባኛል። ማስታወቂያ ለይምሰል ተለጥፎ ቦታው አስቀድሞ ለዘመድ የተሰጠበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዘመዱን የሚያስገባ ሰው ሥራውን አይቶ አይደለም የሚያስገባው። አብሮ የሠራ ሰው ያየውን ሲመሰክር ያለ ዘመድ የመጣውን ልጅ ነው የሚጠቅመው። ከወረዳ መጥቶ በኮንትራት የገባ፣ አጎት የሌለው ልጅ ያለው ሀብት አብረውት የሠሩት ሰዎች አፍ ነው። ምስክርነት ሲጠፋ ማን ይጠቀማል ብላችሁ ታስባላችሁ?

አለቆችንም ዝም ብዬ አላልፍም። ሠራተኛ ሊለቅ መሆኑን ሲሰሙ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዘው የሚያንገላቱ አሉ። «ነገ ና» ይባላል፣ ፈራሚው መስክ ወጥቷል ይባላል፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል ይባላል። ማስታወቂያው ደግሞ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በዚህ ላይ አያሻማም። ሠራተኛው ሲለቅም ሆነ በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ሥራው ሲቋረጥም ያልተከፈለው ደመወዝና ሌላው ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። በሌላ በኩል የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሰኞ ስልኩን አጥፍቶ የሚጠፋ ሰው ያንን ደንታ ቢስ አለቃ ትክክል ያስመስለዋል፤ ከእሱ በኋላ ደብዳቤ የሚጠይቁትም ይቸገራሉ። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት የራሱ ሕግ ስላለው እዚያ ያላችሁ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ።)

ትንኮሳ ከገጠማችሁ ግን እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀርቶ ሌላ ነገር ነው። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ትንኮሳ የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲለቅም ይፈቅዳል። እዚያ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ደብዳቤውን ዛሬ ጠይቁ፤ ለመልቀቅ ባታስቡም ጠይቁ። «ምን አሰብሽ?» ከተባለ ለፋይሌ ነው ማለት ይበቃል። ሲሰጧችሁ አንብቡት። የግል ድርጅት ልምድ ሲሆን ብዙ ቀጣሪ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ መስመር ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ ሦስት ዓመት ልፋት ዜሮ ሊባል ይችላል። ጡረታውንም ተመልከቱ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። መቆረጡ ደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ይታያል፣ ገቢ መደረጉ ግን አይታይም። ይህን ቀስ ብላ አጣርታ የምትነግራችሁ ያቺው የፋይናንስ ሠራተኛ ናት። ቡና መጠጣት ለምን እንደሚጠቅም አያችሁ?

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ በባልደረባ የሚፈታ ነው። የኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ጅማ ያደገ ሰው ሁለቱንም ይናገራል። በቁቤ የማመልከቻ ደብዳቤ ጻፍ ሲባል ግን ብዕሩ የሚቆምበት አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው። አጠገባችሁ ያለው ባልደረባ በአንድ የምሳ ሰዓት ያርመዋል። እሱም የአማርኛ ደብዳቤ ሲያስፈልገው ወደ እናንተ ይመጣል። ጉግል ላይ ከተተረጎመ ደብዳቤ ይህ ስንት እጥፍ እንደሚሻል አንዴ ያነበበ የቅጥር ኮሚቴ ያውቀዋል።

ሥራው ተገኝቶ ደብዳቤው በጽሑፍ ከደረሳችሁ በኋላ መጀመሪያ ለቅርብ አለቃችሁ ንገሩ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው። ቃል ብቻ ይዛችሁ ግን አትልቀቁ፤ «ሰኞ ትጀምራለህ» ተብሎ ሰኞ ያልመጣለት ስንቱ ነው። ከዚያ 30ውን ቀን ለርክክብ ተጠቀሙበት። የላፕቶፑን፣ የቁልፉን፣ የሞተር ሳይክሉን፣ የጀነሬተሩን ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ ጻፉ። በሦስት ቅጂ አስፈርሙትና አንዱን ቤታችሁ አስቀምጡ። ኦዲተር የሚመጣው ተረካቢውም ከለቀቀ በኋላ ነው፤ ያኔ «ጀነሬተሩ የት ገባ?» ተብሎ የሚደወለው ለእናንተ ነው።