ምስጋና ለሌሊት እንጨት ለቃሚዎች

ግንቦት ተጋምሶ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ደጋ የየቤቱ ጭንቀት አንድ ነው፤ የክረምት ማገዶ። ባህር ዛፉ ይፈለጣል፣ ጭራሮው ይታሰራል፣ በጋውን ሙሉ የተጠፈጠፈው ኩበት ተከምሮ ዝናብ እንዳያስገባ ላዩ በእበት ይለሰናል። ይህን ሁሉ ድካም ከሩቅ ሆኖ በጽሞና የሚከታተል፣ የማን ፍልጥ እንደደረቀና የማን ገና እርጥብ እንደሆነ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ትጉህ ወገን አለን። ስለ ገበሬው ብዙ ተዘፍኗል፤ ስለ እሱ ግን አንድም አዝማሪ መሰንቆ አላነሳም። ብድሩን ዛሬ እኔ ልክፈልለት።

መቼም ሙያውን ያላደነቀ ንፉግ ነው። አላዋቂ ሌባ ምሳር ይዞ ይመጣል፤ ምሳር በሌሊት ቀበሌውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። የእኛ ባለሙያ በመጋዝ ነው የሚሠራው፤ ያውም ነፋስ ሲነሳ ጠብቆ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል እሱም ጋብ ብሎ። ዛፉን ከጣለ በኋላም እንደ ፈሪ አይሮጥም። ጎንበስ ብሎ ጭቃ ያድቦለብልና የጉቶውን አናት ይለቀልቀዋል፤ አዲስ የተቆረጠ ጉቶ በጠዋት ፀሐይ ከሩቅ ያብለጨልጫላ! ባለቤቱ በሬዎቹን እየነዳ በአጠገቡ ያልፋል፤ ዛፉ መጉደሉን የሚያውቀው ለጎተራው ማገር ሊቆርጥ የመጣ ዕለት ነው። ደግሞስ ባህር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተወደደው ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ አይደል? እንግዲያው ወዳጃችን ገረዘልን እንጂ ምን አደረገን? የግብርና ባለሙያ ስብሰባ ጠርቶ የሚመክረንን እሱ በሌሊት፣ አበል ሳይጠይቅ ሠርቶልን ያድራል።

ይሉኝታም አለው። ከአንድ ደጅ አንድ ሸክም አያነሳም። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ገብቶት፣ ከየደጁ ሁለት ሁለት ፍልጥ እየመዘዘ ሸክሙን ይሞላል። (የመስኖ ሞተር ያላቸው ጎረቤቶቼ ናፍጣቸውም በዚሁ ስሌት በላስቲክ ቱቦ እየተመጠጠ እንደሚቀልላቸው ይነግሩኛል። ጥበቡ እያደገ ነው።)

ኩበት ላይ ሲደርስ ደግሞ ሙያው ከሕግ በላይ ይሆናል። ኩበት ሲጠፈጠፍ የጠፍጣፊዋ እጅ ከነጣቶቹ ይታተምበታል። አንዲት የሰፈራችን እናት ትንሿ ጣታቸው በልጅነት ተሰብራ ቆልመም ያለች ናት፤ ኩበታቸውም ሁሉ ቆልማማ ጣት አለው። ታዲያ ሐምሌ ላይ ጎረቤት ቡና ተጠርተው ሄዱና ከምድጃው ጥግ የተደረደረውን ኩበት አተኩረው አዩት። ቆልማማዋ ጣት ከየኩበቱ ላይ መልሳ ታያቸዋለች።

«ይቺ እጅ የማን ናት?» አሉ።

«እንዴ እትዬ፣ ይጠጡ እንጂ፤ ይቀዘቅዝብዎታል» አለች ባለቤቲቱ። ኩበቱንም አንስታ እሳቱ ውስጥ ጨመረችው።

አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ፈላ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ለስርቆት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ኤግዚቢቱ በረካ ሳይደርስ አመድ ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ምን ይዞ ይቅረብ? እትዬም እንደ ወጉ መርቀው ነው የወጡት።

እኛ ባለማገዶዎች እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። አጥር አጠርን፤ አጥሩ ራሱ ደረቅ እንጨት ስለነበር ቀድሞ የሄደው እሱ ሆነ። ውሻ አሰርን። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ የእኔው የበላው እሱ ቤት ኖሯል መሰለኝ፣ ሲመጣ ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል። በመጨረሻ የተራ ጥበቃ አቋቋምን። የዚህ አገር ውርጭ ደግሞ አጥንት ይሰብራል፤ ጠባቂዎቹ ሌሊቱን እሳት አንድደው ሲሞቁ ያድራሉ። በምን አነደዱት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥበቃ ምን እንደሆነ ያልገባው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌባው ሳይሆን ጭብጨባችን ነው። በግ ሲጠፋ ዱላ ይዘን እንወጣለን፤ በሬ ሲጠፋ ዱካውን ተከትለን ቆላ ድረስ እንወርዳለን። እንጨት ሲጠፋ «እንጨት እኮ ነው! እግዜር ያበቀለው» ይባላል። እግዜር ያበቀለውን የፈለጠው ግን እግዜር አልነበረም፤ ምሳሩን እኔ ስስል ነበር፣ ወገቤም ምስክር ነው። ድሮ ንብረት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራና ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ከዚያም አልፎ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር፤ ብላቴናው መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ያ ግፍ ቀረ፣ እንኳን ቀረ። ዛሬ ለማገዶ ሲባል ብላቴናውን ብንለቀው እኮ ከመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ሳያልፍ ይወድቃል፤ አቅጣጫውን መምረጥም አያስፈልገውም።

የወዳጃችን ክብር በይበልጥ የሚታየው ለቅሶ ቤት ነው። የእድሩ ሰው አንዳንድ እንጨት ሲያዋጣ እሱ አንድ ሙሉ ሸክም፣ ያውም ክው ያለ ፍልጥ ተሸክሞ ይደርሳል። ዳኛው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ይላሉ። እኔ ከበስተኋላ ቆሜ ፍልጡ ላይ ያለችውን የምሳሬን ስንጥር እለያለሁ፤ ምሳሬ ጥርሷ ሸረፍ ያለ ስለሆነ የመታችበት ሁሉ መስመር ይተዋል። ግን ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይነሳል? እኔም አብሬ አመሰገንኩ።

ዘንድሮ ሰይጣን አሳስቶኝ ለሽማግሌ ተናገርኩ። ሦስት ጨዋ አባቶች የዋርካው ሥር ተቀምጠው ሰሙኝና አዘኑ፤ በእኔ። «ለአንድ ሸክም እንጨት የክርስትና ልጅህን አባት ታስቀይማለህ? ነግ አንተንም ቀባሪህ እሱ ነው» አሉ። ነገሩ በዕርቅ እንዲያልቅ፣ ቅሬታ ያነሳሁትም እኔ ስለሆንኩ ድግሱ በእኔ ቤት እንዲሆን ወሰኑ። ባለቤቴ ድፎ ጋገረች፣ ጠላ ጠመቀች። የጠፋው አንድ ሸክም ነበር፤ ዕርቁ ሁለት ሸክም ፈጀ። ሁለተኛውን ያበደረኝ ተከሳሹ ነው፤ ለመስቀል እመልስልሃለሁ ብዬዋለሁ።