ባያምርም ይጽና

የአትክልት ስፍራ አግዳሚ ወንበር ሲሰበር ዕጣው የታወቀ ነው። ጥግ ይይዛል፣ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፣ በመጨረሻም ማገዶ ይሆናል። ባለቤቱ ቢጠየቅ «እኔ አናጺ አይደለሁም» ይላል። ምክንያቱ አያሳምነኝም። አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ የመቀመጫ ጣውላ፣ አንዱ መጋጠሚያ ወይም መሬት የሚነካው የእግሩ ጫፍ። የቀረው ደህና ነው።

ሙያ የሌለውን ሰው የሚያሰናክለው ጥገናው እንዳይታወቅበት መፈለጉ ነው ባይ ነኝ። የተሰበረ መጋጠሚያን እንደ አዲስ ቀርጾ ማዋደድ በእርግጥ የአናጺ ሥራ ነው። ከውስጥ በኩል በማዕዘኑ ላይ የታጠፈ ብረት አስደግፎ በብሎን ማሰር ግን ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ሁሉ ይወጣዋል። ይታያል? አዎ፣ ይታይ። ሰው ክብደቱን በሚጥልበት ነገር ላይ ጽናት ከውበት ይቀድማል።

ካቻቢቴው ከጥገናው በፊትም ሥራ አለው። ጫፉን ወደ እንጨቱ ጫን ሲያደርጉት ደህናው ላይ ይቆማል፣ የበሰበሰው ላይ ያለ ትግል ይሰምጣል። ከላይ ቀለሙ እያበራ ከሥሩ ዱቄት የሆነ እግር ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ እንጨት ላይ ቀለም መደረብን ጥገና ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ ሸፍጥ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበት ይፈልጋል፤ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከቆየ አያድግም። ቀለሙ ደግሞ ውስጥ የገባውን ውሃ አፍኖ ያቆየዋል። ስለዚህ የበሰበሰው መጀመሪያ ይወገድ፣ የቀረው በደንብ ይድረቅ።

ጣውላ መቀየር ከሁሉም ይቀላል። አሮጌው ቢሰበርም ልኩ አልጠፋም፤ ስብራቱን ገጣጥሞ በአዲሱ ላይ ማስተኛትና ዙሪያውን በእርሳስ ማስመር ይበቃል። ምስማር ግን ይቅር። እንጨት ውሃ ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መመላለስ ምስማሩ ቀስ በቀስ እየላላ ይወጣል። የማይዝግ ብሎን ይሻላል። እሱም ቢሆን ከብሎኑ በጥቂቱ የቀጠነ ቀዳዳ አስቀድሞ ካልተበሳለት፣ በተለይ ጫፍ አካባቢ፣ ጣውላውን ይሰነጥቀዋል። በጣውላዎቹ መካከል ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲኖር ውሃው ሳይተኛ ይወርዳል።

ኮላ የሚጠቀም ሰው አሮጌውን ኮላ ፍቆ ያንሣ፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ አይዝም። ውሃ የሚችል ዓይነት መሆኑንም ያረጋግጥ።

ቀለም ወይም ዘይት ሲቀባ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የተቆረጠውን ጫፍ ነው፤ ውሃ በፍጥነት የሚገባው ግን በዚያ በኩል ነው። እግሮች ቀድመው የሚበሰብሱትም ለዚህ ነውና ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ማድረግ አይከፋም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ግድ ነው።

ሁለቱም የኋላ እግሮች ከመቀመጫው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ከበሰበሱ ግን ብረቱም ብሎኑም የሚይዙት እንጨት አያገኙም። መቀመጫውንም መደገፊያውንም የሚሸከሙት እነሱ ስለሆኑ፣ ያኔ ወይ ለአናጺ መስጠት፣ ወይ ደህናዎቹን ጣውላዎች ፈትቶ ለሌላ ሥራ ማስቀመጥ ነው።