«ትለምዱታላችሁ» የሚባለው በማን ገንዘብ ነው?

የምጫወትበት የኦንላይን ፖከር ድረ ገጽ ሰሞኑን ስክሪኑን ቀይሮ ጠበቀን። ቁልፎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ካርታ ሲታደል እየተሽከረከረ ይመጣል። እያንዳንዱን የካርታ ዓይነት በራሱ ቀለም የሚያሳየው ባለ አራት ቀለሙ ካርታ ከምርጫው ወጥቷል። ተጫዋቾች ሲያማርሩ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ «በሳምንት ውስጥ ትለምዱታላችሁ።»

ከለውጡ በላይ ያናደደኝ ይሄ መልስ ነው። ጠባብ ጫማም ይለመዳል፣ እግር ካቆሰለ በኋላ። እኛ ደግሞ እስክንለምድ የምንከስረው የራሳችንን ገንዘብ ነው።

የፖከር ስክሪን ማለት ቁልፎቹ ናቸው። ፎልድ ካርታህን ጥለህ መውጣት፣ ቼክ ሳያስይዙ ማለፍ፣ ኮል ሌላው ያስያዘውን ያህል ማስያዝ፣ ሬይዝ ከዚያ በላይ መጨመር ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ለመወሰን የሚሰጥህ ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል፤ አራት ጠረጴዛ አንድ ላይ ለከፈተ ሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እጅ ቁልፉን የሚያገኘው ለምዶት ነው፣ ዓይን እስኪያነብ አይጠብቅም። ስለዚህ ቁልፍ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። በቃ።

ባለፈው ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ሃርት (ባለ ልብ ካርታ) ይዣለሁ። አምስተኛው ካርታ ሲገለጥ ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛው ሃርት ወጣ፤ ከእኔ ጋር አምስት ሃርት ሆኖ ፍላሽ ሞላልኝ። አንዱ ገንዘብ አስያዘ፣ ከእኔ በፊት ያለው ገና ያስባል። ተራዬ ሳይደርስ ኮልን ቀድሜ ልምረጥ ብዬ ጣቴን ሰደድኩ። በዚያችው ቅጽበት ሰውዬው ወሰነ። የቅድሚያ መምረጫ ሳጥኖቹ ጠፉ፣ እነሱ በነበሩበት ዋናዎቹ ቁልፎች መጡ፣ ጣቴ ፎልድ ላይ አረፈ። ያሸንፍ የነበረ ካርታዬን በገዛ ጣቴ ጣልኩት። ይሄ የእኔ ስህተት አይደለም። ሁለት የተለያየ ሥራ ያላቸውን ቁልፎች አንድ ቦታ ላይ የደረበው ሰው ስህተት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሳጥኖቹን ከቁልፎቹ አርቁ። ኮል ብዬ ቀድሜ ከመረጥኩ በኋላ ሌላ ሰው ሬይዝ ካደረገ ምርጫዬን ሰርዙልኝ። በነጻ ቼክ ማድረግ እየቻልኩ ፎልድ ከነካሁ አንዴ ጠይቁኝ።

የገንዘብ ማስገቢያውም ያው ነው። 2.50 ስትጽፍ ነጥቧ ካመለጠች 250 ታስይዛለህ። ጠረጴዛው ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ ፖት ይባላል፤ «ግማሽ ፖት»፣ «ሙሉ ፖት» የሚሉ ቁልፎች ቢኖሩ መጠኑን ለመምረጥ ማን በመጎተቻ ይንገላታል?

አዲስ ሰው በውበት ይሳባል ይሉናል። ትንሽ እውነት ይኖረው ይሆናል። ግን በ2003 ክሪስ መኒሜከር በኦንላይን ማጣሪያ አልፎ የወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከርን ዋና ውድድር ሲያሸንፍና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ ሰው ወደ ጨዋታው የጎረፈው የሚሽከረከር ካርታ ዓይቶ ነው? በፍጹም። የዚያን ጊዜ ስክሪን ደረቅ ነበር። ሰው የመጣው ለጨዋታው ነው።

ባለ አራት ቀለሙን ካርታ ማውጣታቸው ደግሞ ጭራሽ አልገባኝም። ዳይመንድ ሰማያዊ፣ ክለብ አረንጓዴ ሲሆን ስልክ ላይ እንኳ አይምታታም። አሁን ስፔድና ክለብ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ያውም ጥፍር በምታክል ካርታ ላይ። የማይፈልገው አይምረጠው፤ ለምን ከእኛ ይወሰዳል?

ቁልፎቹ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ እኔ ከሁለት ጠረጴዛ በላይ አልከፍትም። የቅድሚያ መምረጫዎቹንም አልነካም።