የቦዬ ጠባቂዎች መብታቸው በወረቀት ይስፈር

ከአዲስ አበባ ጅማ የሚገባ ሰው ከተማዋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት የቦዬን ረግረግ ያገኛል። ውሃው፣ ደንገሉ፣ ዙሪያውን የተኛው ጨፌ። ቀን ከቀናው ጉማሬም ያያል። ከተማ አፍንጫ ሥር ጉማሬ ያለው አገር ስንት ነው? እኛ ጅማዎች ግን ለምደነው ነው መሰለኝ፣ ዞር ብለን ሳናየው እናልፋለን።

ያላለፉት በዙሪያው የሚኖሩ ወጣቶችና አባወራዎች ናቸው። ክረምት ሲገባ አገር በቀል ችግኝ ይተክላሉ። ከብት እንዳይገባ ያጥራሉ። ጎርፍ ከከተማ ያመጣውን ፌስታልና ሃይላንድ ይለቅማሉ። ደመወዝ የላቸውም። በየስብሰባው ይጨበጨብላቸዋል። ጭብጨባው ግን ምንም አይጠብቅላቸውም። በሚጠብቁት መሬት ላይ ያላቸው መብት በጽሑፍ ሊሰጣቸው ይገባል ባይ ነኝ።

ረግረጉ የሚያልቀው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ቦይ ይቆፈራል። ውሃው ሲሸሽ በቆሎ ይዘራል። ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይተከልና የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል። በሌላ በኩል ሸክላ አፈሩ ለጡብ ይወጣል። ጡቡ ተቃጥሎ ከተጫነ በኋላ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ያቆረ ውሃ እንጂ ሣር አያውቀውም። ጡብ ሠሪዎቹ ላይ ጣቴን አልቀስርም። ልጅ የሚያሳድጉበት እንጀራ ነው፤ ሌላ ሥራ ሳይታሰብላቸው ተነሱ ማለት ግፍ ነው።

ታዲያ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሄዶ «እዚህ አይቆፈርም» ሲል፣ «አንተ ማን ነህ?» ቢባል ምን ይመልሳል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ረግረግ መሬት በብዙዎቻችን ዓይን ባዶ ቦታ ነው፤ ባለቤት ያለው አይመስለንም።

ባዶ ግን አይደለም። የአዌቱ ወንዝ ጅማን ሰንጥቆ፣ ፍሳሻችንን ሁሉ ተሸክሞ ቦዬ ይገባል። ረግረጉ ውሃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀምጠዋል፣ ተክሉም ከቆሻሻው የቻለውን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ነው ውሃው ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ የሚወርደው። ታች ደግሞ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግድብ አለ። ቦዬ ያልያዘው ደለል መድረሻው እዚያ ነው። ችግኝ የሚተክሉት እነዚያ ሰዎች ለግድቡም እየሠሩ ነው።

ለዚህ ሩቅ አገር ሄዶ ልምድ መቅሰም አያስፈልግም። እዚሁ ጅማ ዞን፣ በለጠ ጌራ ደን ውስጥ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ተፈራርመዋል። ወሰኑ ተለየ፣ ግዴታው ተጻፈ፣ የደን ቡናውን የመልቀም መብታቸውም ታወቀ። ቡናው ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ እስከ መሸጥ ደረሰ። የ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የማኅበረሰብ ደንን በሕግ ያውቃል። ለደን የሠራ ነገር ለረግረግ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ቦዬ የደን ቡና የለውም፤ ሣር ግን አለው። በበዓል ዋዜማ ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቄጤማውን በማጭድ ያጭዳሉ። እፍኝ እፍኙን በራሱ በሣሩ ጠምጥመው ያስሩታል፣ ከዚያ በጀርባ ተሸክሞ ገበያ ነው። ጅማ ውስጥ ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ይሄ ነው። አጫጁን በተራ ማድረግ፣ የታጨደው ቦታ እስኪያገግም ሌላው ጋ መሄድ፣ ከሽያጩም ለጥበቃው ትንሽ ማስቀረት ከባድ ሥራ አይደለም። በጨፌው ዳር የንብ ቀፎ መስቀል ይቻላል። ጉማሬ ሊያይ የሚመጣውን እንግዳ የሚመራውም ከጠባቂዎቹ አንዱ ይሁን፤ ክፍያውም ለሚያቋቁሙት ማኅበር ይግባ። ሴቶቹ ግን ከመጀመሪያው የማኅበሩ አባል ካልሆኑ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። አጥር ተሠርቶ እነሱ ውጭ ቢቀሩ፣ ድሃን ከእንጀራው ማባረር ነው የሚሆነው።

የከተማው ፍሳሽ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱን ማኅበር አይችለውም። መጸዳጃ ቤትና ጋራዥ ወደ አዌቱ የሚለቁትን ማስቆም የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው፤ ሕዝቡ ላይ መጣል የለበትም።

የዞኑና የከተማው ኃላፊዎች ከጠባቂዎቹ ጋር ቁጭ ብለው የሐይቁንና የጨፌውን ወሰን በድንጋይ ይለዩ፤ ውሉንም ይፈራረሙ። ቦይ የሚቆፈረውም፣ ጡብ የሚሠራውም መሬቱ በበጋ ሲጠነክር ነው። ድንጋዩ ከበጋው በፊት ይተከል።