የፍቃዱ ድምፅ አሁንም እየሠራ ነው

ተዋናዩና ተራኪው ፍቃዱ ተክለማርያም ያረፈው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን አሜሪካ ያለው ሐበሻ ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ዲሲ፣ ሎስ አንጀለስና ሚኒያፖሊስ መጥተው አዳራሹ ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሁላችንም ስልክ በባንዲራና በፎቶ ተጨናንቋል። የፍቃዱ መርዶ የደረሰን በዚያ ግርግር መሀል ነው። ገና 62 ዓመቱ ነበር። በፖለቲካ የተኳረፈው ሰው ሁሉ በዚያ ሐዘን ላይ አልተለያየም። ያኔ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

እዚህ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ትንሽ ልንገራቸው። ፍቃዱ ከምንም በፊት የመድረክ ሰው ነው። በማዘጋጃ ቤትም በብሔራዊ ቲያትርም ሠርቷል። ሐምሌትን ተጫውቷል። ኤዲፐስ ንጉሥን ተጫውቷል። አፄ ቴዎድሮስንም ሆኖ ቆሟል። ንጉሥ ሲሆን ዘውዱ የሚያምርበት ተዋናይ ብዙ የለንም። እሱ ሲገባ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው እንኳ ወሬውን ያቆማል። በፊልምና በቴሌቪዥን ድራማም አይተነዋል። ከአገር ርቀን የቆየነው ግን በአብዛኛው የምናውቀው በድምፁ ነው።

በሬዲዮ የተረካቸው መጻሕፍት መጀመሪያ በካሴት፣ ቀጥሎ በሲዲ፣ አሁን ደግሞ በዩቲዩብ ይዞራሉ። ከዳላስ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ጭነት መኪና የሚነዳው ወንድማችን ያዳምጠዋል። ዲሲ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት የሚያድረው ያዳምጠዋል። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ልብስ እየተኮሰች ታዳምጠዋለች። ከቤተሰብ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአማርኛ የሚያወራህ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ አማርኛን እንዲህ አጣፍጦ የሚናገር ድምፅ አብሮህ ያመሻል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም መታከሚያ ያጣው። ገንዘብ ማሰባሰቢያ ተከፈተለት። አገር ቤት ያለው በባንክ፣ እኛ ደግሞ በኢንተርኔት አዋጣን። ኩላሊቴን ልስጥ ያለ ወጣት ሳይቀር ተገኘ። ንቅለ ተከላው ግን ሳይደረግለት አረፈ።

ያዋጣው ሕዝብ ምስጋና ይገባዋል። እኔም እኮራበታለሁ። እንዲህ ያለ ፍቅር ስንት አገር አለ? ግን በዚያው ሰሞን የማሰባሰቢያውን ገጽ ከፍቼ ስመለከት አንድ ነገር አንገበገበኝ። አራት አሥርት ዓመታት ያህል የሠራ ሰው ነው። ሥራው አሁንም በየቀኑ ይደመጣል፤ አሁንም ለሌሎች ገንዘብ ያመጣል። ታዲያ ይህ ሰው እጅ የሚዘረጋው ለምንድን ነው? የራሱ ሥራ ለምን አላሳከመውም?

ፍቃዱ የተጫወተውን ሐምሌት ወደ አማርኛ ያመጣው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። የእሱም ሕመም ኩላሊት ነበር። ለኩላሊት እጥበት ኒው ዮርክ ገብቶ ለዓመታት እዚያው ኖረና በየካቲት 1998 ዓ.ም. አረፈ። አስከሬኑ አዲስ አበባ ሄዶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ሁለቱን ሳስባቸው ሆዴ ይባባል። አሜሪካ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩላሊቱ የደከመን ሰው እጥበት ሜዲኬር ይሸፍናል። ሜዲኬር የአረጋውያን መድን ነው፤ ለኩላሊት በሽተኛ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። ራሱ፣ ባለቤቱ ወይም ወላጁ በቂ ጊዜ ሠርቶ ግብር ከከፈለ በቂ ነው። አገር ቤት እጥበቱ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲሆን ከኪስ ይከፈላል፤ ያም ቤተሰብን ባዶ ያስቀራል። ጳውሎስ ሆስፒታል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እገዛ በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ወረፋውንና ወጪውን ግን ያየ ያውቀዋል።

የአገርን የሕክምና አቅም በአንድ ጀምበር መቀየር አይቻልም። የተዋናይን ውል መቀየር ግን ይቻላል። አሜሪካ ውስጥም ይህ ከሰማይ አልወረደም።

በ1960 እ.ኤ.አ. የሆሊውድ ተዋንያን ሥራ አቆሙ። የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ያኔ ሮናልድ ሬጋን ነበሩ፤ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። ፊልማችን ለሲኒማ ተብሎ ተሠራ፤ አሁን ደግሞ ለቴሌቪዥን ይሸጣል፤ ታዲያ የእኛ ድርሻ የታለ? ስቱዲዮዎቹ አንዴ ከፍለናችኋል አሉ። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ከ1960 ወዲህ ለሚሠሩ ፊልሞች በቴሌቪዥን ሲታዩ የድጋሚ ክፍያ ይከፈላል ተባለ። ከዚያ በፊት ለተሠሩት ግን በነፍስ ወከፍ ምንም አልተገኘም። በምትኩ ስቱዲዮዎቹ 2.25 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው የጡረታና የጤና ፈንድ ተቋቋመ። የቀደሙት ተዋንያን በዚህ ክፉኛ አዘኑ፤ እውነታቸውን ነው። የእነሱ ፊልም እየታየ ገንዘቡ ለሌላ ሄደ። የተተከለው ሥርዓት ግን ዛሬም አለ። ድራማው በድጋሚ ሲተላለፍ ለተዋናዩ ቼክ ይመጣለታል። ተዋናዩ ከሞተ ለወራሾቹ ይመጣል። አንዳንዴ ቡና የማያስጠጣ ሳንቲም ነው፤ አንዳንዴ የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ዋናው ነገር የሚቆጥርና የሚከፍል አካል መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ወጋየሁ ንጋቱ ልሂድ። ወጋየሁም እንደ ፍቃዱ የመድረክ ሰው ነው። ከሞተ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎታል። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው አለ ብዬ አላምንም። ጉዱ ካሣን ሲናገር ጉዱ ካሣ ራሱ መጣ እንላለን። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይወፍራል፤ ሰብለ ወንጌል ጋ ሲደርስ ይለሰልሳል። አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ሰው ሆነ። ያ ትረካ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ በየቻናሉ ተጭኗል። አንዱ ከሌላው ወስዶ ይጭነዋል። መሀል መሀል ላይ ማስታወቂያ ይገባል። የመኪና መድን ወይም የገንዘብ መላኪያ ማስታወቂያ አልፈን በዛብህን እናዳምጣለን። ማስታወቂያው የሚከፍለው ቪዲዮውን ለጫነው ሰው ነው። በትረካው ውስጥ ላለው ድምፅ የሚባል ድርሻ የለም።

ይህን የሚያደርገው ሩቅ ያለ ባዕድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እዚሁ አጠገባችን ያለ ሐበሻ ነው። ቀድሞም የቪዲዮ ካሴት (ቪኤችኤስ) ዘመን ነበር። በየሐበሻ ሱቁ ቲያትርና ድራማ በቅጂ ይከራይ ነበር። ከበርበሬውና ከእንጀራው ጎን ይደረደራል። በሁለት ሦስት ዶላር ወስደን እንመልሳለን። ለናፍቆታችን መድኃኒት ነበር፤ አልክድም። ያ ሁሉ ዶላር ግን ወደ ባለሙያው እጅ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም።

እዚህ ያለውን ሁሉ ገነት አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። የአሜሪካ ተዋናይ ኑሮ ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ኒው ዮርክ ምግብ ቤት የሚያስተናግዱ ስንት የተማሩ ተዋንያን አሉ! ቲያትሩ ሲዘጋ ሥራቸውም ይዘጋል። የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያኑ በ2023 እ.ኤ.አ. ለ118 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ሲነገር የነበረውን አስታውሳለሁ። የማኅበራቸውን የጤና መድን ለማግኘት ያኔ በዓመት ከ26 ሺህ ዶላር በላይ ከትወና መገኘት ነበረበት፤ አብዛኛው አባል ግን እዚያ አይደርስም ነበር። እነሱም ሲታመሙ ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ ያሰባስባሉ።

እንዲያውም አገር ቤት አንድ ትልቅ ነገር አለን። ብሔራዊ ቲያትር፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ ቲያትርና ማዘጋጃ ቤት ተዋናይን ቋሚ ሠራተኛ አድርገው ይቀጥራሉ። በየወሩ ደመወዝ አለው፤ ጡረታም አለው። የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች ባሉበት ብሮድዌይ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ቢሰማ ይቀናል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቲያትር መንግሥት ደመወዝ የሚቆርጥለት ሙያ መሆኑ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ይህን በገበያ ስም እንዳናፈርሰው እሰጋለሁ።

ደግሞ የማኅበር መጦሪያ ቤት የሚባል ነገር አለ። ኒው ጀርሲ፣ ኢንግልውድ ከተማ ውስጥ ያረጁ የመድረክ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አለ። ለንደን ዳርቻ ኖርዝውድ ላይ ደግሞ ዴንቪል ሆል አለ። አልፍሬድ ዴንቪል የሚባል የቲያትር ሰው ነው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቋቋመው። ሎስ አንጀለስ ያለውን የፊልም ሰዎች መረዳጃ ፈንድ እነ ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩ ሐሳቡ እንደ እኛ ዕድር ነበር፤ ያለው ለሌለው ያዋጣል። ዕድርን ለእኛ ማንም አያስተምረንም። የእኛ ዕድር ግን የሚደርሰው በአብዛኛው ከሞት በኋላ ነው። ፍቃዱን በዚያ ሁሉ ሰው እንባ ሸኘነው። ለሽኝቱ ያልሰሰትነውን ለሕመሙ ጊዜ አስቀድመን ብናደራጀውስ?

ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዋኝ፣ ማለትም ተዋናይ፣ ዘፋኝና ተራኪ፣ በሥራው ላይ መብት እንዳለው ይናገራል። በ2007 ዓ.ም. አዋጁ በቁጥር 872 ተሻሻለና ባለሙያዎች በጋራ ማኅበር በኩል ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራቸው በተጠቀሙበት ቁጥር የሚከፈላቸውን ድርሻ፣ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ። እዚህ ላይ ስንደርስ ሁሌም የሚወራው ስለ ሙዚቃ ነው። ተዋናይና ተራኪ ይረሳል። ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ ሲከፈት የዘፋኙ መብት ይነሣል፤ ትረካው ሲደገም ግን ማን ትዝ አለው?

ነገሩ አሁን ደግሞ ይብስበታል። ኮምፒውተር የሰውን ድምፅ አስመስሎ መናገር ችሏል። የአሜሪካ ተዋንያን በ2023 ሥራ ያቆሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያለ ፈቃዳችንና ያለ ክፍያ መልካችንም ድምፃችንም አይቀዳ አሉ። የወጋየሁንና የፍቃዱን ድምፅ የሚያህል ብዙ ሰዓት የተቀዳ አማርኛ የት ይገኛል? ነገ አንዱ ተነሥቶ በፍቃዱ ድምፅ የአረቄ ማስታወቂያ ቢሠራ ማን ይከለክለዋል?

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አገር ቤት ያላችሁ ተዋንያን፣ ድራማም ሆነ ትረካ ስትፈራረሙ ስለ ድጋሚ ስርጭትና ስለ ኢንተርኔት አንድ አንቀጽ አስገቡ። አምስት በመቶም ትሁን፣ ትግባ። አንድ ተዋናይ ብቻውን ከጠየቀ በሌላ ይተኩታል፤ አሥሩ አብረው ከጠየቁ አይችሉም። እዚህ ውጭ አገር ቻናል ያላችሁ ደግሞ የጫናችሁትን ትረካ አስቡት። የተራኪዎቹ ቤተሰቦች አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ጠይቆ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከወሩ ገቢ ላይ ድርሻቸውን ላኩላቸው። ለእናታችሁ በየወሩ በምትልኩበት በዚያው መንገድ ይደርሳል።